«አበባየሆሽ» ነው «አበባ አየሽ ወይ»? የእንቁጣጣሽ ዘፈን ከየት መጣ

ጥያቄ፦

ሰላም መምህር፣ እንደምን አሉ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ለእንቁጣጣሽ ከሌሎች ሀበሻ ልጆች ጋር ሆነው አበባየሆሽ ሊዘፍኑ እየተለማመዱ ነው እና ግጥሙን ወረቀት ላይ ልጽፍላቸው ብዬ ገና መጀመሪያው ቃል ላይ ቆምኩ። እኛ ሳድግ «አበባዮሽ» ነበር የምንለው፣ ባለቤቴ «አበባ አየሽ ወይ» ነው ትክክሉ ይላል፣ ዩቲዩብ ላይ ደግሞ «አበባየሆሽ»ም «አበባየሁሽ»ም ተብሎ ተጽፏል። የቱን ልጻፍ? አንድ ዘመዳችን ዘፈኑ ከንግሥተ ሳባ ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው አለን፣ እውነት ነው? ትልቋ ልጄ ደግሞ በበዓል ዘፈን ውስጥ የእንጀራ እናት ምን ትሠራለች ብላ ጠየቀችኝ፣ ትንሿ ደግሞ «ሠላሳ ጥጆች አስረው» የሚለው ጋ ስንደርስ ጥጆቹ ምን አጥፍተው ነው የሚታሰሩት ብላ አዘነች። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

መልስ፦

እህቴ እንኳን ጠየቅሽ። ሁላችንም በቃላችን የምንለው ግን ቆም ብለን ውስጡን ያላየነው ዘፈን ነው ይሄ፣ ስለዚ ትንሽ ረዘም ቢልብሽ ታገሺኝ።

ከቃሉ ልጀምር። የዘረዘርሻቸው አራቱም አባባሎች በሰው አፍ ያሉ ናቸው፣ ማንም ቁጭ ብሎ የፈጠራቸው አይደሉም። ውስጣቸው ያለው ሐሳብ ግን ሁለት ነው። «አበባ አየሽ ወይ» ጥያቄ ነው፣ ልጅቷ ጓደኛዋን ነው የምትጠይቃት፣ አበባው ፈክቷል አይተሻል ወይ ትላታለች፣ የተቀሩት «ለምለም» እያሉ ይቀበሏታል። «አበባ አየሁሽ» ግን ጥያቄ አይደለም፣ ለአበባዋ ለራሷ የሚነገር ነው። አንቺ አበባ፣ ይኸው አየሁሽ፣ ክረምቱን ተሻግሬ አንቺን ለማየት በቃሁ እንደማለት ነው። «አበባየሁሽ» «አበባየሆሽ» «አበባዮሽ» ሦስቱም የዚሁ የሁለተኛው ሐሳብ አነጋገሮች ናቸው ብዬ ነው የማምነው፣ ምክንያቴን ላስረዳሽ።

አማርኛ ሁለት «አ» ድምፅ ጎን ለጎን ሲገጥሙት አንዱን ይውጠዋል። ባለ አገር ባላገር ሆነ፣ ባለ አደራ ባላደራ ሆነ። አበባ አየሁሽም በዚሁ መንገድ አበባየሁሽ ይሆናል፣ እስከዚህ የሚያከራክር ነገር የለም። ከዛ ያለችው «ሁ» ናት ወሳኟ። «እኔ» የሚለውን የምታሳየው ይቺ ሁ በንግግር ላይ በጣም ደካማ ናት፣ ዛሬ ማን ነው «አየሁ» ሲል ሀ-ዋን አጥርቶ የሚጠራት፣ አየው ሰማው በላው ነው የምንለው፣ ቴክስት ስንጻጻፍማ እንደዛው ነው የምንጽፈው፣ ዓለማየሁ የሚባል ሰው ስሙ ዓለማየው ተብሎ ተጽፎ ብዙ ጊዜ እናያለን። እንግዲህ «የሁ» በዘፈን ሲጎተት ከንፈር ይከባል፣ ድምፁ ወደ ሆ ይሄዳል፣ «የሆሽ» ይመጣል። ሀ-ዋ ጨርሳ ስትጠፋ ደግሞ የ እና ኡ ተጨፍልቀው ዮ ይሆናሉ፣ «ዮሽ»። አየሁሽ፣ የሆሽ፣ ዮሽ። እያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ነው፣ በየቀኑ ከምንናገረው አማርኛ አይወጣም። ከ«አየሽ ወይ» ተነስተሽ «የሆሽ» ጋ ልድረስ ብትዪ ግን ሽ ከቦታዋ ተነስታ መጨረሻ ላይ መሄድ አለባት፣ ሆ ደግሞ ከባዶ መምጣት አለባት፣ ቋንቋ እንደዛ አይዘልም።

ሌላ በጣም የምወደው ማስረጃ የሰው ስም ነው። አበባየሁ የሚባሉ ሰዎች አሉ አይደል። አሠራሩ ልክ እንደ ዓለማየሁ ነው፣ ዓለም አየሁ፣ አበባ አየሁ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ ሲወሰድ የሚጠራው በዚሁ ስም ነበር፣ ስለዚ መልካም ነገርን «አየሁ» ብሎ በስም ላይ ማሰር ትናንት የመጣ ልማድ አይደለም። አዲስ የተወለደ ልጅ ታቅፎ አበባ አየሁ የሚል ሕዝብ መስከረም ሲጠባ ሜዳ ላይ የፈሰሰውን አደይ አይቶ «አበባ አየሁሽ» ቢል ምን ይገርማል።

«አበባዬ ሆይ» ነው የሚሉም አሉ፣ እሱም የሚናቅ ሐሳብ አይደለም፣ ሆይ መጥሪያ ናት፣ ጌታ ሆይ ወገኔ ሆይ እንደምንለው፣ ሆ-ን በደንብ ታስረዳለች። የእንቁጣጣሽና የደመራ ችቦ ሲበራ የሚባለው «እዮሃ አበባዬ መስከረም ጠባዬ»ም አበባን «አበባዬ» እያለ ነው የሚጠራው። ግን ሽ-ን ማስረዳት አይችልም፣ ሽ ደግሞ የሁሉም አፍ ላይ ያለች ፊደል ናት፣ ለዛ ነው ወደ አየሁሽ የማደላው።

አሁን ደግሞ ቁጠሪው። የአማርኛ ግጥም የሚለካው በቀለም ነው፣ ቀለም ማለት አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ድምፅ ነው፣ ሳድስ ፊደሎች ብዙ ጊዜ ካጠገባቸው ካለው ጋር ይጠቀለላሉ። ባ-ልን-ጀ-ሮ-ቼ አምስት ነው። ቁ-ሙ-በ-ተ-ራ አምስት ነው። ኮ-ከብ-ስ-ቆ-ጥር አምስት ነው። የእንጀራ እናቴ እንኳን ሲዘፈን የን-ጀ-ራ-ና-ቴ ሆኖ አምስት ላይ ይቀመጣል። አምስት በአምስት የሚሄደውን ምት የግጥም መምህራን ሰንጎ መገን ይሉታል። እንግዲህ መክፈቻውን በዚሁ ሚዛን ላይ አድርጊው፦ አ-በ-ባ-የ-ሆሽ አምስት። አ-በ-ባ-የሽ-ወይ አምስት። አ-በ-ባ-ዮሽ ግን አራት ነው፣ ለዛም ነው ልጆች ዮሽ ላይ ሲደርሱ ድምፁን ጎተት አድርገው የጎደለውን የሚሞሉት፣ እስቲ ዛሬ ሲለማመዱ አድምጪያቸው።

ስለዚ ለወረቀቱ «አበባየሆሽ» ብለሽ ጻፊ፣ የዘፈኑን ምትም ይጠብቃል የሕዝቡንም ድምፅ ይጠብቃል። ትርጉሙን ሲጠይቁሽ «አበባ አየሁሽ» ነው በያቸው። ባለቤትሽም ከመንገድ አልወጣም፣ «አየሽ ወይ» ሰሚው ለራሱ ትርጉም ሲፈልግ ያገኘው አማርኛ ነው፣ ሰዋስዉም ምቱም ልክ ነው፣ እንደዛ እየዘፈኑ ያደጉ ሰዎች አሉ፣ እንደዛ የሚዘፍን ልጅ ከመጣ ይዝፈን። ማረም የሌለበት ነገር ሲታረም ዘፈን ይሞታል።

ወደ ንግሥተ ሳባ እንምጣ። ይሄ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ዘፈኑ ሳይሆን ስለ በዓሉ ስም ነው። ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥቲቱ ቀለበት ሲሰጣት «እንቁ ለጣትሽ» አላት፣ ወይ ደግሞ ስትመለስ መኳንንቷ እንቁ እያቀረቡ «እንቁ ለጣጣሽ» አሏት፣ ከዛ እንቁጣጣሽ ተባለ ይባላል። ቀለበቱ ክብረ ነገሥት ውስጥ አለ፣ ሰሎሞን ለምልክት እንደሰጣት ተጽፏል፣ መጽሐፉ ግን የግዕዝ መጽሐፍ ነው። «እንቁ ለጣትሽ» ደግሞ ግዕዝ አይደለም፣ ዕብራይስጥም አይደለም፣ ጥርት ያለ የዛሬ አማርኛ ነው። ሰሎሞን የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ነው ይባላል፣ በዛ ዘመን ይቺ «-ሽ» ያለችበት አማርኛ የሚናገር ሰው ነበር ማለት አይቻልም። ታሪኩ የሚያምር ታሪክ ነው፣ ለልጆችሽ እንደ ታሪክ ንገሪያቸው፣ የቃሉ ምንጭ ነው ብለሽ ግን አትንገሪያቸው።

በነገራችን ላይ እስካሁን በእጃችን ያለው እጅግ ጥንታዊው የአማርኛ ጽሑፍ ራሱ ዘፈን ነው፣ ይሄን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል። ከአፄ ዓምደ ጽዮን ጀምሮ፣ ማለትም ከ1314 እስከ 1344 እ.ኤ.አ. ከነገሠው ንጉሥ ጀምሮ፣ ለነገሥታት የተዘፈኑ የውዳሴ ግጥሞች በብራና ተገኝተዋል፣ ጣሊያናዊው ሊቅ ኢግናዚዮ ጊዲ በ1889 እ.ኤ.አ. አሳትሟቸዋል። እነሱን ስታነቢ አማርኛ መሆኑን ታውቂዋለሽ ግን ቃላቱ ይከብዱሻል፣ አንዳንዱን ስንኝ ለመፍታት ሊቃውንት ራሳቸው ይለፋሉ። አበባየሆሽን ግን የሰባት ዓመት ልጅ ትረዳዋለች። ይሄ የሚነግረን ቃላቱ አሁን ባሉበት መልክ የኛን ዘመን አማርኛ የያዙ መሆናቸውን ነው፣ በአፍ የሚሄድ ዘፈን ከተናጋሪው ጋር አብሮ ይታደሳል እና። ልማዱ ግን ከቃላቱ ሊያረጅ ይችላል፣ እዚህ ላይ ነው ምንጩን መፈለግ ያለብን።

እኔ ይሄን ዘፈን የማየው ከሦስት ቦታ የመጡ ሦስት ቁራጮች ተሰፍተውበት ነው። አንዱ መክፈቻው ነው፣ አበባየሆሽና ለምለም። ሁለተኛው ታሪኩ ነው፣ ከባልንጀሮቼ እስከ እንጀራ እናቴ። ሦስተኛው ምርቃቱ ነው፣ ከብረው ይቆዩን። አንድ ሰው አንድ ቀን የደረሰው ቢሆን ኖሮ ሦስቱ እንዲህ አይለያዩም ነበር።

መክፈቻው የልማዱ ልብ ነው። ሰሜኑን የሀገራችን ክፍል ተዘዋውረሽ ብታዪ ክረምት ሊወጣ ሲል ሴቶች ልጆች ለብቻቸው የሚወጡበት፣ ለምለም ነገር የሚይዙበት፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ቤት የሚዞሩበት ወቅት ታገኛለሽ። ፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ትግራይ ላይ አሸንዳ ነው፣ ዋግ ላይ ሻደይ ነው፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ ነው፣ ቆቦ ላይ ሶለል ነው፣ አክሱም ላይ ዓይኒ ዋሪ ይሉታል። አሸንዳና አሸንድዬ የተጠሩት ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ በሚያስሩት ቄጠማ መሳይ ለምለም ቅጠል ነው፣ ሻደይንም የዋግ ሰዎች ለምለም ማለት ነው ብለው ያስረዱሻል። ጎጃም ስትሄጂ ደግሞ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ላይ እንግጫ ነቀላ አለ፣ ልጃገረዶች ሜዳ ወርደው እንግጫ የሚባለውን ሣር እየዘፈኑ ይነቅላሉ፣ ይጎነጉኑታል፣ ቤት ይዘውት ይገባሉ። ሁሉም ጋ የምታዪው አንድ ነገር ነው፣ በዓሉም ዘፈኑም ብዙ ጊዜ የሚጠራው በተክል ነው፣ የሚይዙት ሴቶች ልጆች ናቸው፣ ጊዜው ዝናብ ሊያበቃ ምድር አረንጓዴ የሆነችበት ነው። አበባየሆሽ የዚህ ቤተሰብ ልጅ ናት። ወቅቷ መስከረም 1 ስለሆነ የያዘችው አደይ ነው፣ ተቀባዩ የሚመልሰው ቃል ደግሞ «ለምለም» ነው፣ ልጆቹም በየቤቱ የሚሰጡት አበባና ለምለም ሣር ነው፣ ቃሉና እጅ ላይ ያለው ነገር አንድ ናቸው። ለዚህ ነው ምንጩ የአንድ ንጉሥ ዘመን ወይ የአንድ ገጣሚ ብዕር አይደለም የምለው፣ ምንጩ የሴቶች ልጆች የወቅት ልማድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቂ፣ አደይ በትግርኛ «እናቴ» ማለት ስለሆነ ብቻ የአበባውም ስም የዘፈኑም ምንጭ ከዛ ነው የሚል ሰው ያጋጥምሻል፣ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ምንጩ የሚሉም አሉ። ቀኑ የቤተ ክርስቲያን ቀን መሆኑ እውነት ነው፣ መስከረም 1 ቅዱስ ዮሐንስ ነው፣ አበባም በማኅሌት ትልቅ ቦታ አለው፣ ግን የቤተ ክርስቲያን የአበባ ወቅት፣ ዘመነ ጽጌ፣ የሚገባው መስከረም 26 ነው፣ እስከ ኅዳር 5 ይሄዳል። የልጆቹ ዘፈን ደግሞ ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር ብታዪው ቅዱስ አልተጠራበትም፣ የግዕዝ ሐረግ የለበትም። የቡሄው ዘፈን ደብረ ታቦርን የሚያነሳ መንፈሳዊ ግጥም አለው፣ አበባየሆሽ ግን የቤትና የሜዳ ዘፈን ሆና ነው የቀረችው።

አሁን የትልቋ ልጅሽ ጥያቄ፣ እኔም ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ግጥሙን አንድ ላይ እናንብበው፣ ለምለሙን ትተን፦

ባልንጀሮቼ ቁሙ በተራ
እንጨት ሰብሬ ቤት እስክሠራ
እንኳን ቤትና የለኝም አጥር
እደጅ አድራለሁ ኮከብ ስቆጥር
ኮከብ ቆጥሬ ስገባ ቤቴ
ትቆጣኛለች የእንጀራ እናቴ

ይሄ ሰንሰለት ነው። ቤት እስክሠራ አለች፣ ቀጣዩ ስንኝ ቤትን ይዞ «እንኳን ቤትና» ብሎ ተነሳ። ኮከብ ስቆጥር አለች፣ ቀጣዩ «ኮከብ ቆጥሬ» ብሎ ተነሳ። ልጆች ሳይረሱ ይዘውት የሚሄዱት በዚህ ዘዴ ነው፣ ያለፈው ስንኝ መጨረሻ አካባቢ ያለ ቃል ቀጣዩን ይጠራላቸዋል። የቡሄው ሆያ ሆዬም እንዲሁ ነው የሚያደርገው፣ «ከድንክ አልጋ ተገልብጬ፣ ያቺ ድንክ አልጋ አመለኛ» ይላል፣ የሱ ምት ግን አራት በአራት ነው፣ እ-ዚያ-ማ-ዶ ጭስ-ይ-ጨ-ሳል፣ ቡሄ በሉ ቤት የሚባለው እሱ ነው። የወንዶቹ ዘፈን አራት የሴቶቹ አምስት መሆኑ የአጨፋፈሩ ልዩነት ነው፣ ዱላ መሬት እየመቱ የሚዘፍኑትና በእርጋታ በእጅ እያጨበጨቡ የሚዘፍኑት አንድ ምት አይኖራቸውም።

ቋንቋውንም ልብ በይው። «እንኳን ቤትና የለኝም አጥር» የሚለው አሠራር እንኳን ዘንቦብሽና እንዲያውም ጤዛ ነሽ በሚለው ተረት ውስጥ ያለው ነው፣ ትልቁ ቀርቶ ትንሹም የለም ለማለት። በተለምዶ ንግግር አጥርም የለኝም ነበር የምንለው፣ ቤት ለመምታት ግን አጥር ወደ መጨረሻ ሄደ፣ ስቆጥርን እንዲገጥም። «እደጅ» ያለችውም እ፣ እቤት ነኝ ስንል ያለችዋ እ ናት፣ በና ወደ ሳይገቡ ቦታን የምታመለክት፣ ልጆችሽ በደጅ ነው መባል ያለበት ካሉ አይደለም በያቸው። እንጨት ሰብሬ የሚለው ደግሞ ማገዶ መልቀም የሴት ልጅ ሥራ የነበረበትን ኑሮ ይዞ ነው የመጣው፣ ልጅቷ የምታውቀውን እንጨት ነው ለቤት መሥሪያ የምታስበው።

እና የእንጀራ እናት ምን ትሠራለች? ግጥሙ የማን ድምፅ እንደሆነ አስቢ። ቤት የሌላት፣ አጥር የሌላት፣ ደጅ አድራ ኮከብ የምትቆጥር፣ ቤት ስትገባ የምትቆጣት እናቷ ያልሆነች ሴት የሆነች ልጅ። ይቺ እናት የሞተችባት ልጅ ናት። እንጀራ የምታበላ እንጂ የወለደች ስላልሆነች ነው የእንጀራ እናት የተባለችው፣ ዘፈኑም የሚዘፈነው የሌላ ሰው በር ላይ ቆሞ ነው፣ የቤቱ እመቤት ቆማ እየሰማች። ልጆቹ ልጆች ስለሆኑ ስጡን ብለው አይጀምሩም፣ መጀመሪያ አበባ አሳዩ፣ ከዛ የአንዲት ልጅ ብሶት አሰሙ፣ ከዛ ይመርቃሉ። በሩ ላይ የቆመችው ሴት እናት ናት እና አንጀቷ ይላወሳል፣ ዳቦውንም ብሩንም የሚያመጣው እሱ ነው። የበዓል ቀን ደግሞ እናት የሌላት ልጅ ከሌላው ቀን ይበልጥ የሚከፋት ቀን ነው፣ አዲስ ልብስ የሚሰፋላት የለም። ይሄን ሐዘን በዓሉ ውስጥ ያስገቡት ሰዎች በዓሉን አላበላሹትም፣ ያቺንም ልጅ ከሰልፉ ውስጥ አስገቧት። ከእንጀራ እናቴ በኋላ ያለው ግጥም ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፣ አንዱ ጋ እንጀራ እናትየዋ ለልጆቿ ስታዳላ ይነገራል፣ ሌላው ጋ ቶሎ ብሎ ወደ «አደይ የብር ሙዳይ፣ ኮለል በይ» ይሻገራል። ሙዳይ ጌጥና ቅባት የሚቀመጥባት ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ናት፣ አበባዋን በብር ሙዳይ መስሎ ማሞካሸት ነው። ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ግጥም ያለ የሚመስለን ሬድዮና ቴሌቪዥን ስላለ ነው፣ ቴሌቪዥን ሀገራችን ውስጥ በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በየበዓሉ አንዱ የአዲስ አበባ አዘፋፈን ለሁሉም ቤት ደረሰ፣ ዛሬ ደግሞ ዩቲዩብ። እናትሽ ወይ አያትሽ ከገጠር የያዙት የተለየ ስንኝ ካለ እባክሽ ደውለሽ ቅጂው፣ እሱ ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጣል።

የመጨረሻው ክፍል ምርቃቱ ነው፦

ከብረው ይቆዩን ከብረው
በዓመት ወንድ ልጅ ወልደው
ሠላሳ ጥጆች አስረው
ከብረው ይቆዩን ከብረው

ቁጠሪው፣ ከብ-ረው-ይ-ቆ-ዩን-ከብ-ረው ሰባት ነው። ሠ-ላ-ሳ-ጥ-ጆች-አስ-ረው ሰባት። አምስቱ ቀርቶ ሰባት መጣ፣ ዜማውም ይቀየራል፣ ለምለም የሚለውም ተቀባይ ይቆማል፣ «አየሁሽ» ያለችው አንዲት ልጅም ጠፍታ «ይቆዩን» የሚል ብዙ ሰው ይናገራል። ይሄ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተሰፋ ምርቃት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። አንቺ መባሉ ቀርቶ አንቱ መባሉንም ልብ በይ፣ እስካሁን አበባዋን ያናገሩ ልጆች አሁን ፊታቸውን ወደ ባለቤቶቹ አዞሩ። ወንድ ልጅ የሚለው ዛሬ ሴት ልጆች ሲዘፍኑት ለብዙ እናቶች ደስ አይልም፣ «በዓመት ልጆችን ወልደው» ቢሉት ምቱ አይሰበርም፣ በዓመት ሲዘፈን ባመት ሆኖ ሰባት ነው፣ እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም።

ለትንሿ ደግሞ እንዲህ በያት። ጥጃ የሚታሰረው ስላጠፋ አይደለም። እናቱ ላም ሣር ልትግጥ ወደ መስክ ትሄዳለች፣ ጥጃው አብሯት ከዋለ ወተቱን ሁሉ ጠብቶ ይጨርሰዋል፣ ለቤቱ ልጆች አይተርፍም፣ እየተከተላት ሩቅ ሄዶም ጅብ ሊያገኘው ይችላል፣ ስለዚ እቤት አጠገብ ታስሮ ሣር እየቀመሰ ይውላል። ማታ ላሟ እምቧ እያለች ስትመጣ ይፈታል፣ መጀመሪያ እሱ ይጠባል፣ ላሟ ወተቷን የምታወርደው እሱን ስታይ ነው፣ ከዛ ነው የሚታለበው፣ ለሱም ይተውለታል። ሠላሳ ጥጃ የታሰረበት ደጅ ማለት ሠላሳ የምትታለብ ላም ያለው ቤት ማለት ነው፣ እንግዳ ቢመጣ ወተት የማያጣ፣ ልጆቹ የማይራቡበት ቤት። የቅዳሜ ገበያ ብር ሳይሆን ከብት ሀብት በሆነበት በደጋው የገበሬ ኑሮ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት አልነበረም፣ ላሞቹ ቀን መስክ ስለሚውሉ በር ላይ የቆሙት ልጆች የሚያዩት ጥጆቹን ነው፣ ለዛ ነው ላሞች ሳይሆን ጥጆች የተቆጠሩት። ትንሿ ሲመሽ ሁሉም እናታቸው ጋ እንደሚገቡ ካወቀች የምታዝን አይመስለኝም፣ ስንኙንም እንዳትቀይሪባት፣ «ሠላሳ ጥጆች» ብላ ታውጣው፣ ትልቋ ታውርድ እሷ ትቀበል፣ አደይ እዛ ካጣችሁ ቢጫ አበባ ይያዙ።